ሁሉም የመረጠው ከተማ

አውሮፓ ውስጥ የዕረፍት ከተማ መምረጥ አያስቸግርም፤ ሁሉም የመረጠውን መምረጥ ነው። ከዚያ ቬኒስ ደርሶ «ምነው ሰው በዛ?» ብሎ መገረም።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ፣ በተመረጡ ቀናት ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰውን ጎብኚ ቢያንስ 5 ዩሮ መግቢያ ታስከፍላለች። አዳሪው ከዚህ ነጻ ነው (የሆቴሉ ግብር አይቀርለትም እንጂ)። እኛ ዘንድ እንግዳ የሚረክሰው ሲሰነብት ነው፤ ቬኒስ የሰለቻት ሳይቀመጥ የሚሄደው ነው። በአሮጌው ከተማ የሚኖረው ሕዝብ ከ50,000 በታች ወርዷል። ጎብኚው ግን «የአገሬውን እውነተኛ ኑሮ» ፍለጋ ጠባብ መንገዶቹን ሲያስስ ይውላል፤ የሚያገኘውም ያንኑ የሚፈልግ ሌላ ጎብኚ ነው።

ግርግር የማይወድ ደግሞ ወደ ኦስትሪያዋ የሐይቅ ዳር መንደር፣ ወደ ሃልሽታት ይሄዳል። ግርግር የማይወዱት ሁሉ እዚያው ናቸው። ነዋሪዋ ሺህ አይሞላም። ቻይናዎች በጣም ስለወደዷት እ.ኤ.አ. በ2012 ጓንግዶንግ ውስጥ ቅጂዋን ከነቤተ ክርስቲያኗ ገንብተው አስመረቁ። በ2023 መንደርተኛው ሰልፊ የሚነሡበትን ቦታ በእንጨት አጥር ጋረደው፤ ተቃውሞ ሲበዛ አነሣው። ከአጥሩ ጋር ፎቶ ሳይነሣ የቀረ ጎብኚ ምን ያህል ይቆጨው ይሆን!