ነፍስና ሥጋ በአንድ ነዳጅ

የዘመኑ ቤተሰብ እሁድን አሳምሮ ያውቅበታል። ጠዋት እንጦጦ ማርያም ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ መልስ እንጦጦ ፓርክ ሽርሽር። አጤ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው፤ የዛሬው አባወራ ግን ደጇ ላይ የሚጨነቀው ለመኪና ማቆሚያ ነው። እማወራዋ ነጠላዋን አስተካክላ ስትሳለም ልጇ በስልክ ይቀርጻታል። ቀረጻው ካላማረ ደግማ ትሳለማለች። (እመቤታችን ትታገሣለች፤ የማይታገሠው ፌስቡክ ነው።)

ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የአገር ጉዳይ መተንተን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መቼም የብሔራዊ ባንክ ገዥ ያልሆነ አባወራ የለም። 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር «ብዬ ነበር» ያላለ ማን አለ? ቀድሞ ያወቀው ሁሉ ታዲያ ለምን ዘይት እንኳ ገዝቶ እንዳላስቀመጠ አይጠየቅም፤ ነውር ነው።

ትንታኔው ወለድ ላይ ሲደርስ ትንሿ ልጅ አይስክሬም አማራት።

«ጾም ነው!» አለ አባት፣ ዋጋውን በዓይኑ ሰርቆ ካየ በኋላ።

«ፋሲካ እኮ ባለፈው ሳምንት ነበር፣ አባዬ።»

በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም።