«ሲስተም የለም» ይበቃል

ሊነክስ የተባለውን ከርነል (የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት ማለት ነው) ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጽፉትና የሚገመግሙት ሰዎች ያሳዝኑኛል። ሜሞሪ ሲያልቅ 12፣ ዲስክ ሲሞላ 28፣ ዕቃው አላነብም አልጽፍም ሲል 5 እያሉ ለየጥፋቱ ቁጥር ያድላሉ። አንዱ ስህተቱን ዋጥ አድርጎ «ሰላም ነው» የሚል ኮድ ቢያመጣ ገምጋሚው ይመልስበታል። ለፕሪንተር ብቻ «እሳት ይዞታል» የሚል መልእክት ጽፈዋል! ምን አለፋቸው? ወላይታ ሶዶ መጥተው እኔ የምሰለፍበት መስኮት ፊት ቢቆሙ በሁለት ቃል ይገላገሉ ነበር፤ «ሲስተም የለም»።

መብራት ጠፋ? ሲስተም የለም። ኔትወርክ ተቆረጠ? የለም። ፎርሙ ላይ የአያት ስም ጎደለ? የለም። ባለሙያው ምሳ ከወጣ ሲስተሙም አብሮት ይበላል።

እኔ ግን አብልጬ የምወድለት ሰው ማቀራረቡን ነው። ከቢጠና በሌሊት ተነስቶ ለአንዲት ማኅተም የመጣ አባወራ ከሶዶው ነጋዴ ኋላ ይቆማል። መጀመሪያ የተራ ወረቀት ይጻፋል፤ ከዚያ እቁብ ይጣላል። ጊፋታ ሲደርስ ሰልፈኛው አዋጥቶ በሬ ይጥላል፤ ቁርጡ በዳጣ እዚያው ይበላል። ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅ ይዳራል፣ የልጅ ልጅ ተራ ይወርሳል። ሰልፉ ቀበሌ ይሆናል። ቀበሌ ደግሞ መታወቂያ መስጠት አለበትና ጠረጴዛ ይወጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ መስኮት ይከፈታል። የመጀመሪያው ነዋሪ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ይቀርባል። ትናንት ከፊቱ ተሰልፋ የነበረችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «ሲስተም የለም» ትለዋለች። ከኋላው ሰው መቆም ይጀምራል።

ሲስተም ያለበትንም ቀን አይተናል፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ሲያወጡ ሲስተም ነበረ። «የለህም» ማለቱን ብቻ ረሳው።

ቀልዱ ይብቃኝ። «ሲስተም የለም» መልእክት አይደለም፤ ሰው ማንገላቻ ነው። የጠፋው መብራት ከሆነ ንገሩን፣ ወደ ቤታችን እንሂድ። የአያት ስም ከሆነም ንገሩን፣ እስክሪቢቶ ይዘናል። ከርነሉ እንኳ ጭንቅ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ሲል የወደቀበትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ዘርዝሮ ነው የሚቆመው። የኛ መስኮት ግን ዛሬም መጋረጃውን ስቦ «ነገ ሞክሩ» ብሎናል።