ሶላሩ ስለምን ቀዘቀዘ? ከጣሪያ በታች የተካሄደ ጥናት

በደብረ ማርቆስ ሶላር ያለው ቤት ከሩቅ ይለያል። ቆርቆሮው ላይ አንድ በርሜል ተጋድሟል፤ ከሥሩ ጥቋቁር የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረው ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። ቤት ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፦ ሻወር ሊወስድ የገባ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከውሃው ራቅ ብሎ ቆሞ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ ሙቁ እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው ሙቁ ሳይመጣ በቀረበት ጊዜ ላይ ነው።

ሶላር ሲበላሽ ሶላሩ ምን እንደሚሆን በርካታ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ሶላር ሲበላሽ ቤተሰቡ ምን እንደሚሆን ግን ተገቢው ትኩረት አልተሰጠውም። ይህን የዕውቀት ክፍተት ለመሙላት አጥኚው በዘመድነት፣ በጎረቤትነትና በለቅሶ ደራሽነት የገባባቸውን ቤቶች ታዝቧል። ናሙናው የተመረጠው በቡና ዘዴ ነው፤ ቡና ያፈላ ቤት ሁሉ ተካቷል፣ ያላፈላ ቀርቷል።

ጥንት መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ለጥናቱ የተመረጠችበት ምክንያት በመጀመሪያ ብርዷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጮቄ በኩል ንፋሱ ሲወርድባት፣ በማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ከንጽሕና ይልቅ ለንስሐ ይቀርባል። ቀጥሎ ፀሐይዋ ነው። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን የ13 ወር ፀሐይ አገር ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ ደብረ ማርቆስን ነጥለው አላወጧትም። ይሁን እንጂ በዓመት ከሚጥልባት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ፣ ከአሥራ ሦስቱ ወራት ሁለቱ በይግባኝ ላይ ናቸው። የመጨረሻው ምክንያት ሰዉ ነው። አካባቢው የእነ ዲማ ጊዮርጊስና የእነ ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ እዚህ አንድ ነገር እንደተባለ ብቻ አይወሰድም። ውሃው ቀዘቀዘ ማለት ውሃው ቀዘቀዘ ማለት ነው ብሎ የሚቀበል ሰው በጥናቱ አልተገኘም።

ወደ ድርሳናት ቅኝት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1767 የጄኔቫው ሊቅ ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ሳጥን በመስታወት ሸፍኖ ፀሐይ ላይ አስቀመጠ፤ እያሻሻለው ሄዶ የሳጥኑን ውስጥ ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በላይ አደረሰው። በዚህም አልቆመም፤ ሳጥኑን ይዞ ተራራ ላይ ወጣ፣ ላይና ታች ያለችው ፀሐይ አንድ መሆኗን በዓይኑ ለማየት። አንባቢ ይህን እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ የዚህ ዕውቀት አባት ወደ ላይ የወጣ ሰው ነው። በ1891 ክላረንስ ኬምፕ የተባለ የባልቲሞር ነጋዴ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ፤ የእርሱ ውሃ ግን ማታ በርዶ ያድር ነበር። በ1909 ካሊፎርኒያ ላይ ዊሊያም ቤይሊ ጋኑን ከማሞቂያው ለይቶ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ሙቀት በማያሳልፍ ሽፋንም ጠቀለለው፤ ውሃው ትኩስ እንደሆነ አደረ። የደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ላይ የተጋደመው በርሜል የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ነው።

አሠራሩ ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም። ፀሐይ ጥቁሩን ቱቦ ስትመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይሞቃል፤ የሞቀው ይቀልና ሽቅብ ወደ በርሜሉ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል። ሞተር የለ፣ መብራት የለ፣ ዘይት የለ። አንድ ዕቃ እንዲህ ቀላል ሲሆን የሚበላሽበት ምክንያት ጥቂት መሆን ነበረበት፤ መላምቱ ግን የቤተሰቡን ቁጥር ያህል ነው።

አባወራው ብዙውን ጊዜ የደመና ጎራ አባል ነው። በመስኮት አንዴ ሰማዩን አይቶ ፍርድ ይሰጣል፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነም «ትናንት ደምኖ ነበር» ይላል። የጎረምሳው ልጅ ጎራ «ዕቃው ቻይና ነው» የሚል ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከተተከለው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ አብዛኛው ያለው እዚያው ቻይና መሆኑ ሲነገረው ከአቋሙ ፈቀቅ አይልም፤ ለቻይናዎቹም አዝኖላቸዋል። እማወራዋ የዓይን ጎራ ናት። ባለፈው ሰንበቴ ላይ አንዲት ሴት «አቤት የእናንተስ ሶላር እንዴት ያቃጥላል!» ማለቷን ታስታውሳለች፤ ከንፈሯን አለመምጠጧንም ጨምራ ታስታውሳለች። አያት ራሳቸውን የቻሉ ጎራ ናቸው፦ ሙቅ ውሃ ገላ ያላላል፤ እርሳቸው ያደጉት በምንጭ ውሃ ነው። ይህን የሚናገሩት በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የጣዱትን ድስት እያማሰሉ ሲሆን፣ ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ በቤቱ የሞቀ ውሃ የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ከባሕር ጠረፍ አያቶች ቀድመው ያፈላሉ።

ጎራዎቹ ለመታረቅ ሽማግሌ ቢጠይቁ፣ ጎረቤት ያሉ የቅኔ መምህር ተጠሩ። የኔታ ቡናቸውን ይዘው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳመጡና እንዲህ ተረጎሙት፦ «ሶላሩ ቀዘቀዘ። አንድም ፀሐይ ሳለች ውሃ ታጣ፤ አንድም ውሃ ሳለ ፀሐይ ታጣች፤ አንድም ሁለቱ ሳሉ መንገዱ ተዘጋ፤ አንድም ሁሉ ደህና ሳለ ሙቁ በሌላ በር ወጣ።»

አጥኚው ከዚህ በኋላ የተመለከታቸው የጥገና መመሪያዎች ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ አንድም ያለፈ ነገር አልያዙም። የሚለያዩት በሥዕል ብዛት ነው።

ፊተኛውን አንድም እንውሰድ። አባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦ ይሂድ እንጂ፣ በከተሞቻችን ውሃ በፈረቃ መምጣቱ የታወቀ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ሶላሩ ከሮቶ እንዲጠጣ ይታሰባል፤ ሮቶው ግን ብዙ ቤት የተቀመጠው ከሶላሩ ዝቅ ብሎ ነው፤ ውሃ ደግሞ ያለ ፓምፕ ሽቅብ መውጣት ልማዱ አይደለም። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከቱቦዎቹ አፍ በታች ከወረደ ሽቅብና ቁልቁል የሚለው ዑደት ይቆማል፤ ቱቦው ሲግል ይውላል፣ የሚቀበለው የለም። አንዳንዴም ውሃ እያለ በመሙያው ላይ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ተጣብቆ አላስገባም ይላል። የከፋው ስህተት የሚሠራው ታዲያ ውሃ በመጣ ጊዜ ነው። ባዶ ሆኖ በቀትር ፀሐይ የጋለ ቱቦ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅበት መስታወቱ ይሰነጠቃል። መሞላት ያለበት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብም ቢሆን የፈረቃው ውሃ በስድስት ሰዓት ሲመጣ ደስታውን መቆጣጠር አይችልም።

ሁለተኛው አንድም የአባወራውን ጎራ በከፊል ይደግፋል፤ ፀሐይ ትታጣለች፤ የሚያሳጣት ግን ሁልጊዜ ደመና አይደለም። በበጋ ቱቦው ላይ የሚጋገረው አቧራ አለ። ሶላሩ በተገዛ ዓመት አጥር ጥግ የተተከለ ባሕር ዛፍ አለ፤ ሁለቱም እኩል ሲያገለግሉ ቆይተው ዛፉ ቀደመ። የአቅጣጫ ነገርም አለ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ 9 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ የቆመ ሶላር በእነዚያ ወራት ፀሐይን በማጅራቱ ይቀበላታል። ጫኚዎች በበኩላቸው ለዚህ ክርክር ጊዜ የላቸውም፤ ሶላሩ የሚያየው የቆርቆሮው ክዳን ወዳዘነበለበት ነው።

ስለ ሦስተኛው አንድም ብዙ አንልም። ቧንቧ ውስጥ አየር ይታሰራል፣ ኖራ ይጋገራል፣ መዝጊያ ይዘጋና ይረሳል። ቱቦ ራሱም ይሞታል፦ በሁለቱ የመስታወት ግድግዳዎች መካከል አየር የለም፤ ሙቀቱን የሚጠብቀው ያ ባዶነት ነው፤ አየር ከገባ የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ብርማ ቀለም ተለውጦ ነጭ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ዓይን ብቻ ይበቃል። ዓይኑ ግን ጣሪያው ላይ መሆን አለበት።

አራተኛው የጥናቱ እምብርት ነው፤ ሙቁ በሌላ በር ወጣ። ሙቁና ቀዝቃዛው የሚገናኙት ሚክሰሩ ላይ ነው። አንድ ሰው ታጥቦ ሲወጣ ሚክሰሩን ሳይዘጋ ጫፍ ላይ ያለውን የእጅ ሻወር ወይም ሻታፍ ብቻ ዘግቶ ከሄደ፣ ሁለቱ መስመሮች ውስጥ ለውስጥ ይቀላቀላሉ። ጉልበት ያለው ቀዝቃዛው ስለሆነ ወደ ሙቁ መስመር ይገባል፤ ማድ ቤት ቧንቧ የከፈተችው ለብ ያለ ነገር ይደርሳታል፤ ጣሪያው ላይ ያለው በርሜል ሊፈላ ደርሶ ተቀምጧል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ከሶላሩ የሚወርደውን የሙቅ መስመር መዝጊያ ይዝጉ፣ ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱ። ውሃው ከቆመ ደህና ነው። መፍሰሱን ከቀጠለ የሚመጣው ከቀዝቃዛው ነው፤ ያልተዘጋ ወይም ውስጡ ያረጀ ሚክሰር ይፈለግ።

በዚሁ በር የሚወጣ ሌላ ሙቅም አለ፤ መመሪያዎቹ አይጠቅሱትም። ሶላር ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲሆን አባወራው የሚታጠበው በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ በተመለከተ ለቤተሰቡ የቀረበው መጠይቅ ያስገኘው ዝምታን ብቻ ነው። አጥኚው ግን አንዲት የእህት ልጅ ዓርብ ማታ ፀጉሯን ታጥባ ከሻወር ቤት ስትወጣ የተከተላትን እንፋሎት በዓይኑ አይቷል።

የኔታን «ታዲያ ከአራቱ የትኛው ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው «እርሱንማ ወጥቶ ያየ ያውቃል» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ጥናቱ ያልጠበቀው ግኝት ላይ ደረሰ። ወጥቶ የሚያይ የለም። አባወራው ደም ግፊት አለበት። ጎረምሳው ጫማው ያንሸራትታል። እማወራዋ ሚስማር የተመታበትንና ያልተመታበትን የማያውቅ ሰው ከረገጠው ቆርቆሮው ያፈሳል ትላለች፤ ክረምት ደግሞ ደርሷል። መሰላሉ ለፋሲካ ቤት ሊቀባ ለተባለ ጎረቤት ተውሶ አልተመለሰም። ባለሙያ ተደውሎለት «ነገ ጠዋት» ብሏል፤ የትኛው ነገ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ደ ሶስዩር ሳጥኑን ይዞ የአልፕስን ተራራ ከወጣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የዚህ ቤት ጣሪያ ከመሬት የሚርቀው የመሰላል ቁመት ያህል ነው።

በመጨረሻ ጣሪያው ላይ የወጣው ከደጀን ለበዓል የመጣ የአክስት ልጅ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ ቡናው ረዘመበትና በአጥሩ ድንጋይ ላይ ተንጠላጥሎ ወጣ። ከላይ ሆኖ «ኳሷ ተጣብቃለች እኮ!» አለ፤ ነካ ሲያደርጋት ውሃው እየተንፏፏ ወደ በርሜሉ ሲገባ እስከ ሳሎን ተሰማ። የደመናው፣ የቻይናውና የዓይኑ ጎራዎች ለጊዜው ዝም አሉ።

ከዚያ ጎረምሳው ከቤት ውስጥ ጮኸ፦ «እዚያው ሳለህ ዲሹን ትንሽ ወደ ግራ!» ልጁ ዲሹን ነካው። «መጣ!... ሄደ! መልሰው! አይ፣ ወደ ላይ!» አባወራው ደም ግፊቱን ረስቶ ግቢ ወጥቶ በእጁ ያመለክታል፤ እማወራዋ በር ላይ ቆማ የሳሎኑን ወደ ግቢ፣ የግቢውን ወደ ጣሪያ ታስተላልፋለች። የአርሴናል ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ ነበር። ኳሱ አልቆ ሰው እስኪበተን ድረስ ሻወር ቤት ገብቶ ቧንቧ የከፈተ ሰው ባለመኖሩ፣ ሶላሩ ማሞቅ አለማሞቁን ይህ ጥናት ሊያረጋግጥ አልቻለም።