የባቡር ቲኬት፣ የአውቶቡስ ጉዞ

የእንግሊዝ ሐዲድ ጠጋኞች በዓል አክባሪ ናቸው፤ ሐዲዱን የሚነቅሉት ሕዝቡ ዘመድ ሊጠይቅ በሚነሣበት በእሑድ፣ በፋሲካና በገና ሰሞን ነው። በአዘቦት ወደ ሥራ የሚመላለሰው እንዳይጉላላ ተብሎ ነው። አያት ጠያቂው ቢጉላላ ግን ማን ደመወዝ ይቆርጥበታል?

ቲኬቱን በኢንተርኔት ሲቆርጡ ጉዱ ይወጣል። ለወትሮው አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው የለንደን–ብራይተን ጉዞ ድንገት ይረዝማል። ዋጋው ግን ንቅንቅ አይልም። ዝርዝሩን ሲከፍቱት በባቡሯ ሥዕል ቦታ አንዲት ሚጢጢ አውቶቡስ ተገትራለች። በፌብሩዋሪ 2019 ከስሪ ብሪጅስ ጣቢያ እስከ ብራይተን ያለው መስመር ለ9 ቀናት ሲዘጋ፣ ብዙ ባሕር ናፋቂ የተጫነው በእሷ ነው።

ርካሹ «አድቫንስ» ቲኬት ቀድሞ ለቆረጠ ነው ይላሉ። የጥገናው መርሐ ግብር ሳይለይለት ደግሞ ለሽያጭ አይወጣም። እንግዲህ ለመቅደምም ወረፋ አለው።

ዲሴምበር 25 ባቡር የለም ማለት ይቀላል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መዋሉ እዚህ ላይ በጀን፤ ዶሮ ወጡ ቢያንስ በሐዲድ ይሄዳል።

ለማንኛውም ሳይከፍሉ ዝርዝሩን ይዩ። ብስክሌት ከያዙማ፣ ምትኩ አውቶቡስ አብዛኛውን ጊዜ አይጭንልዎትም።