ቫይረስ በላው

ሰኔ መጨረሻ ላይ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ብቅ ያለ ሰው፣ ከበጀት ዓመቱ ቀድሞ የሚዘጋ ነገር ያያል፤ ኮምፒዩተሩን። የስንት ሰው እጅ ያረፈበት ዓመታዊ ሪፖርት ሼር ፎልደር ላይ ተከፍቶ ሳለ መብራት እልም ይላል። ሲመጣ ሪፖርቱ የለም። ሁሉም ከንፈሩን ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ከአንድ ጥግ እፎይታ የሚመስል ትንፋሽ ይሰማል።

እፎይታው ተገቢ ነው። በዘጠኝ ወሩ ሪፖርት ተተከለ የተባለው ችግኝ በዓመቱ ሪፖርት ወዴት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ኦዲተር «ቫይረስ በላው» ሲባል ምን ይመልሳል? ቫይረስ አይገመገምም፣ ደመወዙ አይቆረጥም፣ ወደ ሩቅ ቀበሌ አይዛወርም። ይህን ያህል ጥፋት ያለ ማጉረምረም የሚሸከም ባልደረባ በየትኛውም መዋቅር አልተገኘም።

ስለዚህ የጠፋው ፋይል በድንገት እንዳይገኝ መጠንቀቅ ያሻል። ዎርድ ተቋርጦ ዳግም ሲከፈት ከጥፋት የተረፉትን ቅጂዎች በግራ በኩል ዘርዝሮ ያቀርባል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ዝርዝሩን እንደ ማስታወቂያ ቆጥሮ ሳያነብ ይዘጋዋል፤ «ልሰርዛቸው?» ሲባልም «ሰርዝ» ይላል። ፕሮግራሙ ማንም ሳያዘው በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ቅጂ ይይዛል። ቅጂው የሚቀመጠው ግን ሼር ፎልደሩ ላይ ሳይሆን ሲጽፍ በነበረው ሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። እናም ቢሮው በሙሉ ሼር ፎልደሩን ሲበረብር ይውላል፤ ቅጂው ያለበት ኮምፒዩተር በዚያው ሰዓት ፎርማት ይደረጋል። ለጥንቃቄ።

ከሁሉ የሚያስደስተው የመቆለፉ ነገር ነው። የጋራ ፋይል ሲከፈት ዎርድ የከፈተውን ሰው ስም የያዘ ትንሽ ስውር ፋይል ከጎኑ ያኖራል፤ ሰነዱ በወጉ ሲዘጋ ያጠፋዋል። መብራት ሲሄድ ግን አጥፊ የለም። ጸሐፊዋ ቤቷ ገብታ ቡና እያፈላች ኮምፒዩተሩ «ፋይሉን እርሷ ይዛዋለች» ብሎ ይሟገታል። ቡድን መሪው ለንባብ ብቻ ይከፍትና «የመጨረሻ» ብሎ ሌላ ቅጂ ያስቀምጣል፤ የፕላን ባለሙያው «የመጨረሻ የመጨረሻ»፤ ሦስተኛው ሰው፣ ትሑት ስለሆነ፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ 2»። ሦስቱም በቴሌግራም ደብረ ማርቆስ ይገባሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ ዞኑ ይወስን።

«ክላውድ ላይ ብታስቀምጡትስ?» የሚሉ የአዲስ አበባ አማካሪዎች አሉ። ቅን ሰዎች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ፣ ከሞጣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አድርጎ በሚኒባስ የሚሄድ ፍላሽ ከእነርሱ ምክር ይሻል ነበር፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ማለት ነው።

ይህን ፋይል የማጥፋት ጥበብ የወረዳ ብቻ አድርጎ ማሳነስ ግን ነውር ነው። ደቡብ ኮሪያ የመንግሥት ሠራተኞቿ ሰነድ በየኮምፒዩተራቸው ማስቀመጡን ትተው በአንድ የጋራ ማከማቻ እንዲያኖሩ አዘዘች። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በዴጆን ከተማ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ባትሪ ተቀጣጠለና 858 ቴራባይት የሚሆን የመንግሥት ሰነድ ወደመ። ሌላ ቅጂ አልነበረም። የተሰጠው ምክንያት፦ ለመቅዳት በዛ። በፈጣን ኢንተርኔቷ ከምትታወቅ አገር ጎን መሰለፍ ለሞጣ ትንሽ ክብር አይደለም።

ኋላ ቀሮቹ የብራና ሰዎች ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ካሜራ አሸክሞ ባለሙያዎችን በየገዳሙና በየደብሩ ላከ፤ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተሻገረ። የግዕዝ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ተቀምጠው ዘመናቸውን ሙሉ ብራናዎቹን ሲመዘግቡ ኖሩ። አሁን ዋናው ብራና ቢቃጠል እንኳ ማሳበቢያ የሚሆን ነገር አልተረፈም።

ዎርድ የማገገሚያ ቅጂ የሚይዝበትን ያን 10 ደቂቃ ወደ 1 ደቂቃ ማውረድ ጨረታ አያስፈልገውም፤ ፕሮፎርማም አይሰበሰብለትም። ፋይሉን ማታ ማታ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥም እንዲሁ። ስለዚህ የሚመለከተው የሥራ ክፍል እስካሁን አልተገኘም። ባሕር ዳር ለሚሰጠው የመረጃ አያያዝ ሥልጠና ግን የተሳታፊዎች ዝርዝር ከሞላ ቆይቷል፤ አበል አለው።