ጮቄ ስለሚወጣበት ሁኔታ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ፣ በደምበጫ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የተሰየምን፣ ሰማይ በጠራ ቁጥር ወደ ምሥራቅ አንጋጠን «ጮቄን በጥቅምት እንወጣዋለን» ስንል ስንት ጥቅምት ያለፈን ጎልማሶች፣

ተምጫ ወንዝ ከዚሁ ተራራ ተነሥቶ ያለ አንዳች የትብብር ደብዳቤ ሲወርድ፣ ውርጩና ነፋሱም ሳያስፈቅዱ ሲመጡብን፣ ወደ ላይ ለመሄድ የተነሣ ሰው ብቻ «ማን ላከህ?» የሚባልበት ምክንያት ሊገባን ስላልቻለ፤

የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራራን ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያሰልፍ፣ ወሬውን የሰማነው ከባሕር ማዶ በደወለ ዘመድ በመሆኑና በዚህም ስላፈርን፤

ተራራውን በእግር ከመውጣት በወረቀት መውጣት እንደሚብስ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጮቄ አወጣጥ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙን ርዕስ እንዲያረቅ የታዘዘው ሰው ገና አልጨረሰም።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

«ጮቄ» ማለት ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳት ይተፋ የነበረ፣ ዛሬ ገብስና ድንች የሚዘራበት፣ ከፍታው 4100 ሜትር አካባቢ የሆነ ተራራ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት «ጋሻ እሳተ ገሞራ» ይሉታል። ጎጃሜ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፤ ነገር ግን ጋሻ የተባለው ስለ ጀግንነቱ አይደለም። የቀለጠው ድንጋይ ቀጭን ስለነበር ሩቅ ድረስ እየፈሰሰ ረግቶ፣ ተራራውን በጀርባው እንደ ተኛ ጋሻ ሰፊና ለጥ ያለ ስላደረገው ነው። በዚህ የተነሣ አናቱ ላይ የደረሰ ሰው ከፍተኛው ጉብታ የትኛው እንደሆነ ሲከራከር ይመሻል። ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም፣ ተጓዡ ደክሞት የተቀመጠበት ጉብታ ሁሉ አናት ነው።

«ቅርብ» ማለት ገበሬው በከንፈሩ ጠቁሞ «ያቻት!» ያለበት ቦታ ሲሆን፣ በከተማ ሰው እግር ከሦስት ሰዓት አያንስም።

«የትብብር ደብዳቤ» ማለት ማንም የማያነበው፣ ሁሉም ግን ማኅተሙን የሚያይበት ወረቀት ነው።

«ነገ» ትርጓሜ አልተገኘለትም።

አንቀጽ 3፤ ስለ አቅጣጫ

ተራራው በስተምሥራቅ ስለሆነ ተጓዡ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

ይህ የጽሕፈት ስህተት አይደለም። ደምበጫ የምዕራብ ጎጃም ናት፤ የዞኑ መቀመጫ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ነው። ጮቄ በምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የእሱ ዞን መቀመጫ ደብረ ማርቆስ። ስለዚህ ተጓዡ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ፍኖተ ሰላም ይወርዳል፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል፣ ከዚያ በመጣበት መንገድ ተመልሶ በራሱ ቤት በር ላይ ያልፋል። ባለቤቱ ከበር ላይ እጇን ብታወዛውዝለትም አይወርድም፤ የወረደ እንደሆነ ወንበሩን ያጣል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም ሰው ደብዳቤውን በመንገዱ ላይ ስለሚያገኘው በዚህ አንቀጽ አድልዎ ተደርጎለታል፤ ቅሬታችን ይመዝገብልን።

ደብረ ማርቆስ ላይ አንዱ ደብዳቤ ሌላ ደብዳቤ ይወልዳል። በረቡዕ ገበያ በኩል ለሚወጣ ለሲናን ወረዳ፣ በድጎ ፅዮን በኩል ለሚወጣ ለቢቡኝ ወረዳ ይጻፍለታል። በሲናን ደብዳቤ ወጥቶ አዳልጦት በቢቡኝ በኩል የወረደ ሰው የወደቀው ያለ ፈቃድ ነው።

አንቀጽ 4፤ ስለ ጉዞው ዓላማ

የሚከተለው ቃለ ጉባኤ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ የተደረገ ሲሆን የዚህ አዋጅ አካል ሆኖ ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ ዓላማው ምንድን ነው ልበል?»

«ማየት።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ተራራውን ነዋ፣ ልጄ።»

«ማየት ብሎ ነገር ቅጹ ላይ የለም። ጥናት፣ ሥልጠና፣ የመስክ ምልከታ ነው ያለው።»

«የመስክ ምልከታና ማየት ምን ለያቸው?»

«ምልከታ አበል አለው፣ ጋሼ።»

እንዲህ በመሆኑ ጮቄን ለማየት የወጣ ሁሉ በወረቀት ሲታይ አጥኚ ነው። የአፈሩ መሸርሸር፣ የምንጮቹ መጠን፣ የጓሳው መመናመን፣ አስታው ወደ ላይ መሸሹ ስንት ጊዜ እንደተጠና ቆጥረን አንጨርሰውም። ገበሬው ባለ ሜትር ሰው ባየ ቁጥር ዳገቱ ላይ እርከን ሊያሠሩት የመጡ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜም አልተሳሳተም።

አንቀጽ 5፤ ስለ ማኅተም

ማኅተም የሚመታው ማኅተሙ፣ የማኅተሙ ሳጥን ቁልፍና ቁልፉን የያዘው ሰው በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ሲገናኙ ነው። ይህ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሆን የፀሐይ ግርዶሽ የሚያሰሉት ይንገሩን። ሲገናኙ ደግሞ ስታምፓው ደርቋል። ጸሐፊዋ ማኅተሙን ወደ አፏ አስጠግታ ሁለት ጊዜ «ሃ!» ትላለች፣ ብድግ ብላ በሙሉ ክብደቷ ትጫነዋለች። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ሐምራዊ ቅስት ነው። «ይነበባል» ትላለች። ይነበባል ተብሎ ታውጇል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ስንቅና ልብስ

በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግዴታ ናቸው። ጋቢ ለቆላና ለወይና ደጋ ነው፤ ከላይ ባና ያስፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ጓሳው ውርጭ ለብሶ ከእግር ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ሸራ ጫማ አድርጎ የወጣ ከሰዓት በኋላ ስለ ጣቶቹ ይጠየቃል።

አረቄን በተመለከተ፣ አገራችን ደምበጫ በዚህ ረገድ ያላትን ስም ማንም አይክድም። ሆኖም ከፍታና አረቄ አይስማሙም፤ አንዱ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሌላው ወሬ ያስረዝማል። ስለዚህ አንዲት መለኪያ፣ እሷም ከወረዱ በኋላ። ይህ ንዑስ አንቀጽ የጸደቀው በሁለት ድምፅ ብልጫ ሲሆን፣ ተቃዋሚዎቹ ዛሬም አኩርፈው ሌላ በረንዳ ላይ ናቸው።

ግመል ለጭነት አይፈቀድም። በ1933 ዓ.ም. ዊንጌት የሚባለው እንግሊዝ ከሱዳን ድንበር በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ስንቅና ጥይት ጭኖ ጎጃም ሲገባ አብዛኞቹ በዳገቱና በብርዱ አልቀዋል። በነገራችን ላይ ያኔ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ የትብብር ደብዳቤ እንደያዘ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በቅሎ ትፈቀዳለች።

አንቀጽ 7፤ ስለ ጎብኚ ብዛት

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2024 በፉጂ ተራራቸው ዋና መውጫ ላይ በር ሠርተው፣ በቀን ከ4000 ሰው በላይ አይወጣም፣ የሚወጣውም 2000 የን ይክፈል ብለዋል። ፉጂም እሳተ ገሞራ ነው፤ ከእነሱ ማነስ የለብንም። ጮቄም በቀን ከ4000 ሰው በላይ አይቀበልም። ይህ ገደብ እስካሁን በጥብቅ እየተከበረ ነው።

አንቀጽ 8፤ ስለ ስሜን ቅናት

ስሜን የጮቄ ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱም የጠፋ እሳተ ገሞራ ሆኖ በስምንት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ወርዶ አንድ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ይከፍላል፤ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ያነገተው ስካውት፣ አብሳዩና ባለ በቅሎው እዚያው ይገኛሉ፤ ጉዞው ወደ ሳንቃበር ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ቢሮ! ታላቅየው የተዳረው በሠርግ ነው፤ ታናሽየውን ግን ሽማግሌ እንኳ አልላክንለትም።

አንቀጽ 9፤ ስለ መንገድ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ቢሟላም ጉዞውን የሚያጸድቀው ሾፌር ነው። ተጓዡ በዋዜማው ማታ መናኸሪያ ወርዶ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። ሾፌሩ ለሌላ ሾፌር ይደውላል። ያኛው ስልኩን ካላነሣ ጉዞው ተሰርዟል፤ ይግባኝ የለውም። በዚህ አንቀጽ በረንዳው ላይ ማንም አልሳቀም።

አንቀጽ 10፤ ፈቃድ የማይጠየቁ

ረቡዕ ገበያ ድንች የሚያወርዱ ሴቶች፣ ጠበልተኞች፣ አህዮችና እረኞች።

ለዚህ አንቀጽ ምንጭ የሆነን ከመካከላችን አንድ ለናሙና የወጣ ሰው ነው። አራት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ሻጠ። አናቱ አጠገብ ሲደርስ ጉም ወረደ። በጉሙ ውስጥ ከእሱ የሚረዝም አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየ። ጥበቃ ነው ብሎ ኮፍያውን አወለቀ፣ «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ» አለ፣ ደብዳቤውን አውጥቶ ዘረጋ። ሰውየው ዝም። ሁለት እርምጃ ሲጠጋ ጅብራ ሆኖ አገኘው።

ወረቀቱን እንደ ዘረጋ ከኋላው ጅራፍ ጮኸ። ባና የለበሰ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ መጥቶ ደብዳቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ገለበጠው፤ ሐምራዊዎቹን ቅስቶች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በሐዘኔታ ቀና ብሎ፣

«ጋሼ» አለው፣ «ስንት ከብት ነው የጠፋብዎት?»

አንቀጽ 11፤ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ማኅተም ካረፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ስለሄደ ነገ ተመለሱ።