ከጡረታ በኋላ ያለው ልምድ

በኢትዮጵያ ሕግ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው በጡረታ ይገለላል፤ እርሱ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ሲያዋጡ በመቆየታቸውም አበል፣ ማለትም እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ይወሰንለታል። አበሉ እስከ ዕለተ ሞት እንደሚዘልቅ በሕግ ተረጋግጧል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ስለመዝለቁ ግን ሕጉ ዝም ብሏል። ስለሆነም ጥበቃነት የሚከብደው፣ የሚያከራየው ሰርቪስ ቤትም የሌለው የቀድሞ ኃላፊ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ይኸውም ባለጉዳይን ወክሎ በክፍያ ፋይል የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ይሆናል። በሥራ ዘመኑ «ነገ ተመለስ» እያለ ያስተኛውን ፋይል ዛሬ በክፍያ ይቀሰቅሰዋል፤ የት እንደተኛ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለምና (ይህ የሥራ ልምድ ይባላል)። ባለጉዳይም ዛሬ የሚያጉላላውን ሹም ባይቀየም ይሻለዋል፤ ጡረታ ሲወጣ ይቀጥረዋልና።